ከግፊቱ በፊት ያለችው እጅ

አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክመውን የካይሮፕራክተርን ሥራ በስልክ ቪዲዮ ብቻ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ድምፁን ነው። አንገት ወደ ጎን ይዞራል፣ አንድ ነገር «ቋ» ይላል፣ ታካሚው ዓይኑን ያፈጣል፣ ቪዲዮው ያልቃል። የሙያው ጥበብ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ያለው ከድምፁ በፊት በሚያልፉት ረጃጅም ደቂቃዎች ነው፤ ድምፅ ጨርሶ በማይሰማባቸው ዘዴዎች ውስጥም አለ። ጥሩ እጅ ከመካከለኛ እጅ የሚለየው ደግሞ የፈራ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋው ላይ ሲተኛ ነው።

ይህን በቅርብ ያየሁት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ጎረቤቴ ወገባቸውን ከታመሙ ሰንብተው ነበር። ሐኪማቸው መርምሮ አስጊ ነገር እንዳላገኘ ነገራቸውና ካይሮፕራክተር ቢያዩ እንደማይከፋ መከራቸው። እንግሊዝኛው ስለሚያስቸግራቸው በአስተርጓሚነት አብሬያቸው ሄድኩ። ልጆቻቸው ያሳዩዋቸው ቪዲዮ ከአእምሯቸው አልወጣም ነበርና መንገድ ላይ ደጋግመው «ልጄ፣ እንዳትሰብረኝ ንገርልኝ» ይሉኝ ነበር። «አይስጉ እትዬ፣ ሳይፈቅዱ አትነካዎትም» እላለሁ፤ እሳቸው ግን አላመኑኝም።

ስንደርስ ካይሮፕራክተሯ ዝቅ ያለ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና ጥያቄ ጀመረች። ወድቀው ያውቃሉ? አጥንትዎ እንደሳሳ የነገረዎት ሐኪም አለ? ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? ካንሰር ታክመው ያውቃሉ? ያለ ምክንያት ከስተዋል? ትኩሳትስ? ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? እግርዎ ይዝላል? ለታካሚው ይህ ሁሉ የፎርም መሙያ ወግ ይመስላል። ለሚነካው እጅ ግን እያንዳንዱ መልስ መጠን ይወስንለታል። የሳሳ አጥንት ላይ ያረፈ ኃይለኛ ግፊት የጎድን አጥንት ሊሰነጥቅ ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በቀላሉ ሊደማ ይችላል። መቀመጫ አካባቢ የሚሰማ መደንዘዝ ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር ከማቃት ጋር ሲመጣ ደግሞ በአከርካሪው ግርጌ ያሉት ነርቮች ታፍነው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ስተረጉም ጎረቤቴ አንገታቸውን ደፉ። በእኔ ፊት ስለ ሽንታቸው ሊያወሩ አልቻሉም። ባለሙያዋ ዝምታቸውን እንደ «የለም» አልቆጠረችውም። እኔን በትሕትና ከክፍሉ አስወጥታ በስልክ አማርኛ የምትተረጉም ሴት አገኘችላቸው። ስመለስ ፊታቸው ተፈትቶ ነበር። እኔ ይህንን እንደ ጨዋነት ብቻ አልቆጥረውም፤ የሥራው አካል ነው። ያ ጥያቄ ሳይመለስ ወገብ መንካት ማለት በጨለማ መሥራት ነው።

አልጋው ላይ በሆዳቸው ተኙ፤ ፊት የሚያርፍበት ቦታ ለመተንፈስ እንዲመች መካከሉ ክፍት ነው። ባለሙያዋ ከመንካቷ በፊት እንዲህ አለች፤ «አሁን እጄን ወገብዎ ላይ አሳርፋለሁ። አልጫንም። አቁሚ ካሉኝ አቆማለሁ።» ቀጥላም ቃሉን እንዲሞክሩት ጠየቀቻቸው። «በቃ!» አሉ ጎረቤቴ ጮክ ብለው። መተርጎም አላስፈለገኝም፤ እጇ ወዲያው ተነሥታ ነበር። ከዚያ በኋላ ትከሻቸው ሲረግብ አየሁ። ማንኛውም ባለሙያ «ከፈለጉ ያስቁሙኝ» ሊል ይችላል፤ ታካሚው ማስቆም እንደሚችል በገዛ አፉ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ግን ያልለመድኩት ነገር ነበር።

መዳፏን ዘርግታ አሳርፋ ትንፋሻቸው እስኪረዝም ጠበቀች። የፈራ ሰው የጀርባው ጡንቻ ሳይታወቀው ይጠነክራል። እሱን አሸንፎ ለመግፋት ኃይል መጨመር ያስፈልጋል፤ ኃይል ሲጨመር ታካሚው ይብስ ይጠነክራል። ስለዚህ መጠበቁ ራሱ ሥራ ነው። ቀጥሎ አመልካችና መሃል ጣቷ ከአጥንቱ ጉብታ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አንጓ በአንጓ ወረዱ፤ በመጠኑ ይጫናሉ፣ ይለቃሉ፣ ያልፋሉ። አንዱ ጋ ተመለሱ። «እዚህ ጋ ነው?» «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ ጎረቤቴ። በዳሰሳ ብቻ የትኛው አንጓ እንደተያዘ ሁለት ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ አይስማሙም፤ የት እንደሚያም ታካሚውን ሲጠይቁ ግን የተሻለ ይስማማሉ። ጥሩ ጣት ብቻውን አይፈርድም።

በእጅ የሚሰጠው የታወቀው ግፊት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፍርሃትን ይቀንሳል። ባለሙያው መገጣጠሚያውን በዝግታ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስደዋል፤ ቆዳው፣ ጡንቻውና ጅማቱ ላላ ያለውን ጨርሰው እስኪወጠሩ ድረስ። ክራር የሚቃኝ ሰው ክሩን ቀስ እያለ ሲያጠብቅ ቃናው ሊመጣ ሲል በጣቱ የሚሰማው ውጥረት አለ፤ የባለሙያውም እጅ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ታካሚው «ያመኛል» ወይም «አዞረኝ» ካለ ሥራው ይቆማል። ካላለ ከ200 ሚሊ ሰከንድ በታች የሚፈጅ አጭር ግፊት ይከተላል። የሚያስፈራው ይህ ፍጥነት ነው፤ ኃይሉን ትንሽ ለማድረግ የሚያስችለውም ይኸው ፍጥነት ነው፤ ጡንቻው ለመከላከል ጊዜ አያገኝምና። እጁ የሚሄደው ርቀት እጅግ አጭር ነው። ያልሠለጠነ ሰው የሚያጠፋው ሁለቱን ነው፤ ላላ ያለውን ሳያሰባስብ ከሩቅ ይገፋል፣ የፍጥነቱን ጉድለትም በክብደቱ ይሞላል።

ካናዳ ውስጥ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ሄርዞግና ባልደረቦቹ ይህን ግፊት ለክተውታል። በደረት አካባቢ ያለው አከርካሪ ላይ ከፍተኛው ኃይል በአማካይ ወደ 400 ኒውተን ሲደርስ አንገት ላይ ግን 100 ኒውተን ገደማ ነበር፤ ይህም የ10 ኪሎ ክብደት ያህል ማለት ነው። ያረፈበትን ቦታ ዐውቆ ኃይሉን ወደ ሩብ የሚያወርድ እጅ በአንድ ቀን አይገኝም። ቶሮንቶ የሚገኘው የካናዳ ሜሞሪያል ካይሮፕራክቲክ ኮሌጅ ተማሪዎቹን የግፊታቸውን መጠንና ፍጥነት በስክሪን በሚያሳይ አልጋ ላይ ያለማምዳል። ተማሪው ሰው ከመንካቱ በፊት «ትንሽ» ሲል ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ያያል። ይህን የመሰለ የእጅ ትምህርት በየሙያው ቢኖር እመኛለሁ።

ድምፁ አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም። በመገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ ሁለቱ ገጾች ድንገት ሲራራቁ ፈሳሹ ውስጥ የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል። በ2015 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ግሬግ ካውቹክና ባልደረቦቹ ጣት ሲንቋቋ በኤምአርአይ ቀርጸው ክፍተቱ ሲፈጠር አሳይተዋል። ያው መገጣጠሚያ እንደገና እንዲንቋቋ 20 ደቂቃ ያህል ማለፍ አለበት። ድምፅ አልተሰማም ማለት ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ድምፅ ፍለጋ ደጋግሞ የሚገፋ ባለሙያም አያስመሰግንም።

ለጎረቤቴ ግን ይህ ግፊት አልተመረጠም። የተኙበት አልጋ ወገብ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የእግር በኩሉ ወደ ታች ይታጠፋል። ባለሙያዋ በአንድ መዳፏ የሚያመውን አንጓ ይዛ በሌላ እጇ የአልጋውን እጀታ ጥቂት ዝቅ አደረገች፤ መለሰች፤ ደግማ ዝቅ አደረገች። ወገቡ በዝግታ ይሳባል፣ ይመለሳል። «ቋ» የሚል ነገር የለም። ይህን ዘዴ አሁን ባለው መልኩ ያዳበረውና ያስፋፋው የኢንዲያናው ካይሮፕራክተር ጄምስ ኮክስ ነው።

እኔ ዓይኔን የተከልኩት ላይኛዋ እጅ ላይ ነበር። የምትገፋ ይመስላል እንጂ አትገፋም፤ ከሥሯ የሚሆነውን ትከታተላለች። ጡንቻው ጠንከር ሲል፣ ጎረቤቴ ገና ምንም ሳይሉ፣ እጀታው ባለበት ይቆማል፤ ጥቂት ከፍ ይላል፤ እንደገና ይወርዳል። በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጎረቤቴ ሲጨነቁ የግራ እግራቸው ጣቶች ይታጠፋሉ። ባለሙያዋም ይህን አይታ ኖሮ በየእንቅስቃሴው መካከል ዓይኗ ወደ እግራቸው ይሄድ ነበር። ጣቶቹ መታጠፍ ሲያቆሙ እጀታውን ቀድሞ ከነበረበት ዝቅ አደረገችው።

ለፈሪ ታካሚ የሚሆኑ ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ። በ1950ዎቹ ክሌይ ቶምሰን የሠራው አልጋ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ የሚታከመው ክፍል ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆምና በቀላል ግፊት ይወድቃል፤ ሥራውን ውድቀቱ ስለሚያግዝ እጅ ብዙ ኃይል አያስፈልገውም። ሲወድቅ ግን የሚጮኸው አልጋው ነውና አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው አጥንቱ የጮኸ መስሎት ይደነግጣል። በ1960ዎቹ ደግሞ አርላን ፉርና ዋረን ሊ ሚኒሶታ ውስጥ በመዳፍ የሚያዝ፣ ጫፉ ጎማ የሆነ ባለ ስፕሪንግ መሣሪያ ማዘጋጀት ጀመሩ። በጣም ፈጣንና አነስተኛ ምት ይሰጣል፤ ታካሚው መዞርም መጠምዘዝም አይኖርበትም። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ በታካሚው መዳፍ ላይ ይሞክረዋል።

ሙያው ራሱ በትልልቅ ተስፋዎች ነው የተወለደው። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በ1895 በአይዋዋ ዳቨንፖርት ከተማ የሃርቪ ሊላርድን ጀርባ ገፍቶ የመስማት ችግሩን እንዳቃለለለት ተናገረ፤ ከዚያ ተነሥቶም አብዛኛው በሽታ ከአከርካሪ ይመጣል ብሎ አስተማረ። ይህ አልተረጋገጠም። በጥናት የተደገፈው ጠበብ ያለ ነገር ነው፤ የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 መመሪያው ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይችላሉ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ የአከርካሪ ማስተካከያ ነው፤ ጥቅሙም ከሌሎቹ ጋር ተቀራራቢና መጠነኛ ነው። አስም እናድናለን ወይም የሕፃን ቁርጠት እናስቆማለን የሚል፣ ወይም ገና በመጀመሪያው ቀን የወራት ክፍያ የሚያስፈርም ካጋጠመ ተነሥቶ መሄድ ነው።

አንገት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ወደ አንጎል ከሚሄዱት የደም ቧንቧዎች ሁለቱ በአንገት አንጓዎች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉ። ከስንት አንዴ የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ይተረተርና ደም ረግቶ ስትሮክ ያስከትላል። በ2008 የታተመው የካሲዲና ባልደረቦቹ ጥናት በኦንታሪዮ በዚህ የደም ቧንቧ መስመር ስትሮክ የደረሰባቸውን 818 ሰዎች መርምሮ፣ ከስትሮኩ በፊት ካይሮፕራክተር ዘንድ መሄድ እንደታየ ሁሉ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ መሄድም እንደታየ አገኘ። አጥኚዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ቧንቧቸው አስቀድሞ የተጎዳ ሰዎች አንገታቸውንና ራሳቸውን ሲያማቸው ሕክምና ይፈልጋሉ የሚል ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ጥናቶቹን መዝኖ፣ ግንኙነቱ መንስኤ መሆኑ ባይረጋገጥም ታካሚ አንገቱ ከመነካቱ በፊት ሊነገረው ይገባል አለ። ከዚህ በፊት ያልነበረ ብርቱ የአንገት ሕመም ወይም የራስ ምታት፣ ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የምላስ መተሳሰር፣ የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው አንገቱ መነካት የለበትም፤ ሆስፒታል ነው መሄድ ያለበት። እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም እንኳ የአንገት ግፊትን «አልፈልግም» ማለት ይቻላል፤ ሌላ መንገድ አለ።

«ታዲያ ይቺ ወጌሻ ናት ማለት ነው?» ብለው ጎረቤቴ በመኪና ስንመለስ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተሰበረ አጥንት ጫፍ በቆዳ ላይ አግኝተው የሚያገናኙ ወጌሾች እንዳሉን ሁሉም ያውቃል። አጥብቆ በታሰረ ቀርከሃ ደም ተቋርጦባቸው እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠባቸው ልጆች እንዳሉም ሐኪሞቻችን ያውቃሉ። ካይሮፕራክተር ስብራት አያክምም። ሁለቱ የሚገናኙት ግን እዚህ ላይ ነው፤ መጠንን የሳተ እጅ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን ይጎዳል።

ባለሙያዋ ያን ዕለት አንድ ወረቀት ሰጠቻቸው። ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን መጠነኛ ድካም ወይም ሕመም ሊሰማቸው እንደሚችል፣ ምን ምልክት ሲያዩ ወዲያው መደወል እንዳለባቸው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ወደ ሐኪማቸው እንደምትመልሳቸው ይናገራል። ወገባቸው እየቀለለ ሲመጣ ቀጠሮውን አራራቀችው፤ በኋላም ከእንግዲህ መምጣት እንደማያስፈልጋቸው ነግራ ጠዋት ጠዋት የሚሠሩትን እንቅስቃሴ አሳየቻቸው። ጎረቤቴ ቀጠሮ መቀጠል ፈልገው ነበር። እሷ ግን አልቀጠረችላቸውም፤ በምትኩ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲራመዱ አዘዘቻቸው።