ጃን ሜዳና የከተማ ፕላን

የከተማ ፕላን አውጪዎች ባዶ ስፍራ ሲያዩ ብዙውን ጊዜ የሚታያቸው ወይ ቤት የሚሠራበት መሬት፥ ወይ ዛፍና አበባ የሚተከልበት መናፈሻ ነው። የአዲስ አበባው ጃን ሜዳ ግን ከሁለቱም አይመደብም። በከተራ ዕለት፥ ጥር 10 ቀን፥ የዙሪያው አድባራት ታቦታት ወርደው ያድሩበታል፤ ጉግስ ሲጫወቱበት ኖረዋል፤ የአገር አቋራጭ ሩጫም ሲደረግበት ኖሯል። ይህን ሁሉ ያስቻለው ባዶነቱ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚሁ ሜዳ ተዛወረ። ሕዝቡ ተጨናንቆ እንዳይገበያይ መታሰቡ አይነቀፍም፤ ሰፊ ሜዳ ያለው ከተማ በክፉ ቀን መጠጊያ አለውና። የሚያስነቅፈው ገበያው ለወራት መሰንበቱ ነው፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው የደረሰው ከብዙ ጽዳት በኋላ ነበር። ባዶ መስሎ የታየው ስፍራ ባለቤት እንዳለው የታወቀው በዓሉ ሲቃረብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው በ2012 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ የተከፈተው የአንድነት ፓርክ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በመግቢያ ዋጋ የሚጐበኝ እንጂ ታቦት የሚያድርበት ስፍራ አይደለም፤ በካርታ ላይ ሁለቱ በአንድ አረንጓዴ ቀለም ቢቀቡ ልዩነታቸው ይጠፋል። ካርታ የሜዳውን ስፋት ይመዘግባል፤ የትኛው ደብር በየት በኩል እንደሚገባ፥ ድንኳኑን የት እንደሚተክል ግን የሚያውቁት ካህናቱና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ፕላን አውጪው አስቀድሞ ሊጠይቃቸው ይገባል።