ከማጉያው በፊት ዐይን

ከይጁቤ ተነሥቶ ለሕክምና የሚሄድ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለወራት ያልለቀቀው ሰው ኮሎኖስኮፒ ሲደረግለት ከአንጀቱ የሚቆነጠረው ናሙና ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያቺ ቁንጣሪ በፎርማሊን ትቆያለች፣ በሰም ውስጥ ትቀበራለች፣ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን በሚሆን ስስ ቅጠል ተቆርጣ በሄማቶክሲሊንና በኢኦሲን ትቀለማለች። ሰውየው ለዓመታት የሚውጠው መድኃኒት የሚወሰነው በአመዛኙ በእሷ ላይ ነው።

የተካነ ፓቶሎጂስት ስላይዱን ሲያነሣ በትልቁ ማጉያ አይጀምርም። በትንሹ ይጀምራል፤ የሚፈልገው ሕዋሱን ሳይሆን የእጢዎቹን አቋቋም ነው። ጤነኛ የደንዳኔ ግድግዳ ላይ እጢዎቹ በመደርደሪያ እንደ ቆሙ የላብራቶሪ ቱቦዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው እስከ ታችኛው ስስ ጡንቻ ይወርዳሉ። ከቀናት ወዲህ የመጣ ኢንፌክሽን መካከላቸውን በነጭ የደም ሕዋስ ቢሞላውም ሰልፋቸውን አያፈርሰውም። ወራት የቆየ መቆጣት ግን ያፈርሰዋል፦ እጢዎቹ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ ያጥራሉ፣ ከጡንቻው ይርቃሉ፤ በተፈጠረው ክፍተትም ፕላዝማ ሕዋሳት ይሰፍራሉ። ያቺን ጠባብ ክፍተት ሳይቸኩል የሚያይ ሰው የሕመሙን ዕድሜ ያነብባል። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ጥርጣሬው ነው። ናሙናው በአግድም ከተቆረጠ ጤነኛው እጢ የተዛባ ይመስላል፤ ከሊምፍ ቋጠሮ አጠገብ ያለውም እንዲሁ። ስለዚህ ከመፍረዱ በፊት ከሰሙ ጠለቅ ተብሎ ሌላ ቅጠል እንዲቆረጥ ያዝዛል።

እኛ አገር ሥራው ከዚህም ይከብዳል። በፈረንጆቹ 1932 ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ውስጥ የገለጹት ሕመም የሚያዘወትረው የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው፤ የአንጀት ቲቢም እዚያው ነው። ሁለቱም ግራኑሎማ የሚባል የሕዋሳት ቋጠሮ ይሠራሉ። የቲቢው በአብዛኛው ተለቅ ያለ፣ እርስ በርሱ የተጋጠመ፣ መሐሉ የሞተ ነው፤ የክሮኑ ትንሽና ለብቻው የቆመ። ቁንጣሪዋ ግን የሞተውን መሐል ላትይዝ ትችላለች፤ ባክቴሪያውም ጥቂት ስለሚሆን በዚል ኒልሰን ቀለም አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሌላው ተጠርጣሪ አሜባ ደግሞ በአንጀቱ ቁስል ላይ በተንጠለጠለው ንፍጥና መግል ውስጥ ነው የሚደበቀው፣ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ። ጥድፊያ ያለበት ዐይን ያንን እንደ ቆሻሻ ያልፈዋል። ጣና ዙሪያ የሚታወቀው ቢልሃርዚያም ጎኑ እሾህ ባለው እንቁላሉ ይለያል። ቲቢ ወይም አሜባ ላለበት ሰው ክሮን ነው ተብሎ በስሕተት ስቴሮይድ መስጠት ሕመሙን ሊያባብሰው፣ አንጀቱንም ሊያስበሳው ይችላል።

ስለዚህ ጥሩ ፓቶሎጂስት ያየውን ይጽፋል፣ ያላየውን አይሞላም። የጥያቄው ወረቀት ባዶ ሆኖ ሲመጣ ስልኩን አንሥቶ ሐኪሙን ይጠይቃል፦ እያንዳንዱ ናሙና ከየትኛው ክፍል ተወሰደ? ሕመሙ ስንት ወር ሆነው? ምን መድኃኒት ጀምሯል? ቤቱ ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው አለ? ቆላ ወርዶ ወንዝ ይሻገራል?