ስለ አልክማር ሰባት ሠሌዳዎች

ስለ ሆላንድ ሥዕል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሬምብራንት ስም ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን የሆላንድ ከተማ ሕዝብ ከእርሱ መቶ ዓመት ቀድሞ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1504 ዓ. ም. ለአልክማር ከተማ ለቅዱስ ሎሬንስ ቤተ ክርስቲያን የተሣሉትን ሰባት ሠሌዳዎች ቢመለከት ብዙ ይጠቀማል። የሠዓሊው ስም በርግጥ ስላልታወቀ ሊቃውንቱ «የአልክማር መምህር» ይሉታል። ሠሌዳዎቹ ዛሬ በአምስተርዳም በሪክስሙዜዩም ይገኛሉ። እኛ ያየነው በመጽሐፍ የታተመውን ነውና ስለ ቀለሙ ለመፍረድ አንደፍርም።

የሥዕሉ ነገር በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የምሕረት ሥራ ነው፤ የተራበን ማብላት፥ የተጠማን ማጠጣት፥ የታረዘን ማልበስ፥ እንግዳን መቀበል፥ የታመመንና የታሰረን መጠየቅ። ሰባተኛው፥ ሙት መቅበር፥ ከመጽሐፈ ጦቢት የመጣ ነው፤ ጦቢትን ያነበበ ተማሪ ምክንያቱ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሠዓሊው ግን ይህን ሁሉ ወደ ይሁዳ ምድር አልወሰደውም። ቤቶቹ የሆላንድ ቤቶች፥ ልብሱም የዚያ ዘመን ከተሜ ልብስ ነው። ባለጸጋው ከነሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ዳቦ ያድላል፤ አንካሳውና ቡትቶ ለባሹ እጁን ይዘረጋል። በክፈፉ ላይ ያለው ግጥም እንኳ በላቲን ሳይሆን በአገሩ ቋንቋ ተጽፏል። ከድኾቹም መካከል አንድ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ወደ እኛ ይመለከታል፤ እርሱም ክርስቶስ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ልብ አይለውም። ሙት በሚቀበርበት በመካከለኛው ሠሌዳ ብቻ በቀስተ ደመና ላይ ተቀምጦ ሲፈርድ ይታያል።

የሰዎቹ አቋም ደረቅ ነው፥ ፊታቸውም እርስ በርሱ ይመሳሰላል ቢባል አንክድም። ዳሩ ግን ፈራጁን ከለማኞች ተራ አቁሞ በዝምታ ማለፍ ከብልኅ እጅ ይልቅ ብልኅ ልብ የሚጠይቅ ይመስለናል።

በዚያ ዘመን በሆላንድ ከተሞች «የመንፈስ ቅዱስ ሹማምንት» የሚባሉ የከተማ ሰዎች ለድኾች ዳቦና ልብስ ያድሉ ነበር። በ1526 ዓ. ም. በብሩዥ የተቀመጠው እስፓኛዊ ሊቅ ቪቬስ የድኾች ርዳታ የከተማው አስተዳደር ሥራ መሆን አለበት ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1531 ዓ. ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ልመናን የሚከለክልና ምጽዋቱን በአንድ የጋራ ሣጥን የሚሰበስብ ዐዋጅ አወጣ።

እኛ መዝገብ ይዘን የምንሠራ ሰዎች ነንና ይህን ዐዋጅ መንቀፍ አይሆንልንም። በሥርዐት የተሰበሰበ ገንዘብ ባለጸጋው በር ድረስ መሄድ ለማይችለው ለአልጋ ቍራኛውም ይደርሳል፤ ደጅ ጥናትንም ያስቀራል። ይሁን እንጂ ሠሌዳውን ባየን ቍጥር አንድ ነገር ያሳስበናል። በሥዕሉ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሣጥኑ ግን ሁለቱንም ይጋርዳቸዋል። ያ ዝም ብሎ የቆመው ሰው በመዝገቡ በየትኛው ተራ ቍጥር ይጻፍ ይሆን? ቪቬስ ለዚህ የሰጠው መልስ፥ ተቈጣጣሪዎች በየድኻው ቤት ሄደው ኑሮውን ይመርምሩ የሚል ነው። መልሱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መመርመርና መጠየቅ አንድ አይደሉም።

ሥዕል አፍራሾች በሆላንድ በተነሡ ጊዜ እነዚህም ሠሌዳዎች አልተረፉም፤ በስለት ተፋቁ። በኋላ ጠጋኞች ብዙ ደክመውባቸዋል።