ከቆርቆሮ በታች፣ ከኮርኒስ በላይ

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወሩ የቤት ውስጥ ዲዛይን ምስሎች «ሎፍት» የሚሉት ቤት መልኩ የታወቀ ነው፤ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ያልተለሰነ ጡብ፣ ጥቁር የብረት ደረጃ። ይህ መልክ የተወለደው በኒውዮርኩ ሶሆ ሰፈር፣ ከችግር ነው። ፋብሪካዎች ለቀውት የሄዱትን ሰፊ ወለል ሠዓሊያን በርካሽ እየተከራዩ ያለ ፈቃድ ይኖሩበት ጀመር፤ ከተማው በሕግ የፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሶሲዮሎጂስቷ ሻሮን ዙኪን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው «ሎፍት ሊቪንግ» የሠዓሊያኑ አኗኗር እንዴት የቤት ገበያው ሸቀጥ እንደሆነ አሳይታለች። እኛ ዘንድ የደረሰው ሸቀጡ ነው።

የጣሪያን ከፍታ ለኑሮ ማዋል ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በላሊበላ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩት የላስታ ክብ ቤቶች ባለሁለት ደርብ ናቸው። የሐረር ቤት ወለሉን ነደባ በሚባሉ መደቦች ከፍና ዝቅ አድርጎ የተቀማጩን ማዕረግ ይለያል፤ ከጎን ክፍሉ በላይም ሌላ ክፍል አለው። በአማራ ደጋ የሣር ቤት ደግሞ ቆጥ አለ፤ እህልና ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ሰውም ይተኛበታል። ከብቱ ከታች ካደረ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የምድጃው ጭስ ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ቆጥን የሚያስታውሰው በዕቃ ማስቀመጫነቱ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ቆጡን ያጠፋው ቆርቆሮ ነው።

የሣር ክዳን ዝናብ እንዳያስገባ ቁልቁል መሆን አለበት፤ ቁልቁለቱም ከምሰሶው ዙሪያ ሰፊ ባዶ ቦታ ይፈጥራል። ቆርቆሮ ግን ዘንበል ቢል ይበቃዋል። እንደ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ ባሉ የደጋ ከተሞች ግድግዳው ዛሬም ባሕር ዛፍና ጭቃ ነው፤ ክዳኑ ሲለወጥ ከላይ ያለው ቦታ ጠበበ። የቀረውንም ኮርኒስ ዘጋው፤ ምክንያቱም ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲመታው አያነጋግርም። አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ወጥሮ ያንን ቦታ መሸፈን ለባለቤቱ አማራጭ የሌለው ብልሃት ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ቆጥ በሌላ በር ተመለሰ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤተሰቡ ሲበዛ ወደ ጎን የሚሰፋበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ በጣውላና በአጣና ወደ ላይ ሄደ። ልጆች ቆጥ ላይ ያድራሉ፤ የመርካቶ ነጋዴም ዕቃውን ቆጥ ላይ ይከምራል። የኢትዮጵያን ከተማ ሎፍት የሚፈልግ ተመራማሪ ሊያጠናው የሚገባው ይህንን ነው እንጂ ጥቁሩን የብረት ደረጃ አይደለም። ይህን ማለት ግን ኑሮውን ማሞገስ አይደለም፤ ከሰል በተያያዘበት ቤት ጭሱና ጋዙ የሚከማቸው ላይኛው ሰው ከሚተኛበት ላይ ነው፤ መሰላሉ መጨበጫ የለውም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከራስጌ ይንጠለጠላል። ኮንዶሚኒየሙ ይህን አደጋ ቢያስቀርም በጠፍጣፋ ኮንክሪቱ ከፍታውንም አብሮ ዘጋው።

ጭቃ ዘመናዊ ሊሆን አይችልም ለሚል ሰው በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም መልስ አለው፤ መሥራቾቹ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ጭቃውን እንደ ቅርጻ ቅርጽ አበጅተውታል። ሆኖም ዞማ ሙዚየም እንጂ መኖሪያ አይደለም፤ የእስቴን የቤት ባለቤት የሚያሳስበው ወጪው ነው።

ለመካነ ኢየሱስ የሚሆን ሎፍት በእኔ ግምት ከጣሪያው ይጀምራል። ቁልቁለቱ ይጨመር፤ ብርድና ሙቀት የሚከላከለው ሽፋን እንደ ኮርኒስ አግድም ከመወጠር ይልቅ ከቆርቆሮው ሥር ተዳፋቱን ተከትሎ ይለጠፍ። ምድጃው ወደ ውጭ ማድ ቤት ይውጣ፤ ቆጡ ጓዳው ላይ ብቻ ይቅር፣ ሳሎኑ እስከ ክዳኑ ክፍት ይሁን። በላይኛው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ትንሽ መስኮት ይከፈት። መሰላሉ መጨበጫ ባለው ቋሚ ደረጃ ይተካ። ከሁሉ የሚከብደው የጭነቱ ጉዳይ ነው። ሥሩን ምስጥ የሚበላው የጭቃ ግድግዳ ቆጥና ሰው እንዲሸከም አይታመንም፤ ቆጡ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆሙ የራሱ ምሰሶዎች ያስፈልጉታል፤ ተጨማሪ ወጪውም በአብዛኛው የሚሄደው ለነዚህ ምሰሶዎችና ለቆርቆሮው ነው።