ማንም ሁሉን እንዳያውቅ

ቪፒኤን የከፈተ ሰው ከቴሌ የደበቀውን ለቪፒኤኑ ድርጅት አሳልፎ ይሰጣል። ድርጅቱ ደንበኛው ማን እንደሆነም የት እንደገባም ያያል። «መዝገብ አልይዝም» ካለ ቃሉን ከመቀበል በቀር ማረጋገጫ የለም። ቶር፣ አይቱፒና ፍሪኔት የሚባሉት መረቦች የተሠሩት ይህንን አደራ ለማንም ላለመስጠት ነው። ሦስቱም በተለመደው ኢንተርኔት ላይ ተደርበው ይሠራሉ፤ ሦስቱም በጎ ፈቃደኞች ባዋጡት ኮምፒውተር ይንቀሳቀሳሉ። ጥቅማቸው ብዙ ተነግሯል። እኔ ማድነቅ የምፈልገው የአሠራራቸውን ጥንቃቄ ነው፦ እያንዳንዱ ተሳታፊ ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ያውቃል፣ ከዚያ በላይ ቅንጣት ታህል አይደርሰውም።

የቶር መነሻ ሐሳብ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዘመኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። መረቡን ባሕር ኃይሉ ብቻ ቢጠቀምበት፣ በውስጡ ያለፈ ሁሉ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑ ይታወቃል። መሸሸጊያው የሰው ብዛትና ድብልቅነት ነው። ስለዚህ ተማሪውም፣ ጋዜጠኛውም፣ ስለ ሕመሙ ለማንም ሳይናገር ማንበብ የሚሻውም ሊገባበት ይገባል። ክፉ ሰውም እንደሚገባበት አውቃለሁ። ለደጉ ብቻ እንዲሠራ ለማድረግ ግን የእያንዳንዱን ማንነት መጠየቅ ግድ ነው፤ ያኔ መረቡ የተሠራበት ዓላማ ራሱ ይፈርሳል።

በቶር የተላከ ጥያቄ በሦስት ሰርቨሮች ያልፋል። የመጀመሪያው ከማን እንደመጣ ያያል፣ መድረሻውን አያውቅም። ሦስተኛው መድረሻውን ያያል፣ ላኪውን አያውቅም፤ ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ካልተጠበቀ ግን ይዘቱንም ማንበብ ይችላል። መካከለኛው የሚያውቀው ግራና ቀኙን ብቻ ነው። ይህ ብዙ ሰው የሰማው ነው። ጥበቡ የሚታየው መስመሩ በሚዘረጋበት መንገድ ላይ ነው። የቀድሞው ንድፍ ደብዳቤን በፖስታ፣ ፖስታውን በሌላ ፖስታ አሽጎ እንደመላክ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ሽፋን በቋሚ ቁልፉ ይከፍታል። ጉድለቱ ቆይቶ ነው የሚወጣው። ዛሬ የሚያልፈውን ሁሉ ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው ከዓመታት በኋላ ቁልፎቹ እጁ ቢገቡ ያለፈውን በሙሉ ያነባል። ሮጀር ዲንግልዳይን፣ ኒክ ማቲውሰንና ፖል ሲቨርሰን በ2004 ባሳተሙት የቶር ንድፍ ይህንን አረሙት። ተጠቃሚው ከመጀመሪያው ሰርቨር ጋር ለዚያ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ይስማማል፤ በእርሱ በኩል አልፎ ከሁለተኛው ጋር፣ በሁለቱ በኩል አልፎ ከሦስተኛው ጋር እንዲሁ ያደርጋል። መስመሩ ሲዘጋ ቁልፎቹ ይጠፋሉ። በማግስቱ ሰርቨሮቹ ቢወረሱ እንኳ ትናንት ያለፈውን የሚከፍት ነገር አይገኝባቸውም። የሚተላለፈው ሁሉ ደግሞ እኩል እኩል ተቆርጦ ነው የሚጓዘው፤ ቁራጩ መጀመሪያ 512 ባይት ነበር፣ ዛሬ 514 ነው። አንዲት ቃል የላከና የፎቶ ቁራጭ የላከ በመጠን አይለዩም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የመጀመሪያው ሰርቨር አመራረጥ ነው። ሰው በደመነፍስ የሚያስበው ቶሎ ቶሎ መቀያየር እንደሚሻል ነው። ቶር ግን የመጀመሪያውን ሰርቨር አንዴ ይመርጥና ለወራት አይለቀውም። ስሌቱ እንዲህ ነው። በመረቡ ውስጥ ክፉ ሰርቨሮች መኖራቸው አይቀርም፤ አደጋው የመጀመሪያውም ሦስተኛውም በአንድ ሰው እጅ ሲወድቁ ነው። በየጊዜው የሚቀያይር ሰው ውሎ አድሮ አንድ ቀን ከዚያ ወጥመድ መግባቱ አይቀርም። አንዴ መርጦ የሚጸና ግን ምርጫው ከቀናው ለረጅም ጊዜ ተጠብቆ ይኖራል። ጥቂቶች ዕድላቸው ይከፋል፤ ይህ ታውቆ፣ የብዙኃኑ ደኅንነት ተመዝኖበት የተወሰነ ነው። እንዲህ ያለውን መራራ ሒሳብ ፊት ለፊት የሚሠራ መሐንዲስ አከብራለሁ።

በ.ኦንየን የሚያልቁት አድራሻዎችም ከዚሁ እጅ የወጡ ናቸው። አድራሻው 56 ፊደልና ቁጥር ነው፤ በውስጡ ያለው የገጹ ይፋዊ ቁልፍ ራሱ ነው። ስም የሚመዘግብ ቢሮ አያስፈልግም፤ አድራሻውን በትክክል የያዘ ሰው ሌላ ገጽ ተመሳስሎ ሊያታልለው አይችልም። ጎብኚው መገናኛ የሚሆን ሰርቨር ይመርጥና ጥሪውን ገጹ አስቀድሞ ባዘጋጃቸው ተቀባዮች በኩል ይልካል። ከዚያ ሁለቱም በየራሳቸው መስመር ወደ መገናኛው ይመጣሉ። መሐል ያለው ሰርቨር ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ሳያውቅ ያገናኛል። በ2014 የወጣው ኦንየንሼር የሚባለው ፕሮግራም ፋይል የሚያጋራው በዚሁ ነው፦ የላኪው ኮምፒውተር ለጊዜው እንዲህ ያለ ገጽ ይሆናል፣ ተቀባዩ ይወስዳል፣ ገጹ ይዘጋል። ፋይሉ በማንም ድርጅት መጋዘን አያድርም።

ይህ ሥራ ለእኛም ሀገር ሩቅ አልነበረም። በ2012 በግንቦት አካባቢ ቶር ኢትዮጵያ ውስጥ በድንገት መሥራት አቆመ፤ በይፋ ያልተዘረዘሩት መግቢያዎቹ ሳይቀሩ። ከበጎ ፈቃደኛ የተገኘው መረጃ ሲመረመር፣ ግንኙነቱ ሲጀመር ከቶር ሰርቨር የሚመለሰው ሰላምታ ተጠቃሚው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነበር። የሚያልፈውን ሁሉ ገልጦ የሚያይ ማሽን የቶርን አጀማመር ለይቶ አውቆት ነበር ማለት ነው። መልሱ አጀማመሩን መልክ ማሳጣት ሆነ። ኦብፍስፎር የሚባለው የኋለኛው መሣሪያ እዚህ ላይ ያሳየው ጥንቃቄ ልብ ይነካል። ሁለቱ ወገኖች መጀመሪያ የሚለዋወጡት ቁልፍ የሒሳብ ነጥብ በመሆኑ፣ አዋቂ ዓይን ከተራ የዘፈቀደ ቁጥር ሊለየው ይችላል። ስለዚህ ያንን ነጥብ ከዘፈቀደ ቁጥር ወደማይለይ መልክ የሚቀይር ስልት ጨመሩበት። ሊመረምር የሚጠጋ ማሽንም መግቢያውን የሚያስከፍተውን ምስጢር አስቀድሞ ካልያዘ አንዲት መልስ አያገኝም። ኢንተርኔቱ ከነአካቴው ሲዘጋ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ እሱንም አይተነዋል።

ቶር ፋይል በገፍ ለማጋራት አልተሠራም። በ2010 የቶር ሰዎች ራሳቸው ቢትቶረንትን በቶር አትጠቀሙ ብለው አስጠነቀቁ። ብዙዎቹ የቢትቶረንት ፕሮግራሞች የተጠቃሚውን አይፒ አድራሻ በመልእክቱ ውስጥ ጽፈው ይልካሉ፤ ቶርም በታማኝነት ያደርሰዋል። አይቱፒ ይህን ከሥሩ ነው ያስተካከለው። በ2003 የተጀመረው ይህ መረብ ወደ ውጭው ኢንተርኔት መውጫ ለመሆን ሳይሆን በውስጡ ለመኖር የታሰበ ነው። አብሮት የሚመጣው አይቱፒስናርክ የሚባለው የቶረንት ፕሮግራም አይፒ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ የአይቱፒን አድራሻ ይጽፋል፤ ስለዚህ የሚያፈተልክ ነገር አይኖርም። የሚላከውና የሚመጣው በተለያየ መስመር ይጓዛል፣ መስመሮቹም በ10 ደቂቃ ይታደሳሉ። ተጠቃሚ ሁሉ የሌሎችንም ያስተላልፋልና ከአንድ ቤት የወጣውን የዚያ ቤት ነው ማለት ያስቸግራል። ቶር የሰርቨሮቹን ዝርዝር በየሰዓቱ ድምፅ ሰጥተው የሚያጸድቁ ከአሥር ያነሱ ባለአደራዎች አሉት፤ አይቱፒ እንደነሱ ያለ ማዕከል የለውም። እዚህ ላይ ልቤ ወደ አይቱፒ ቢያዘነብልም፣ የቶር ባለአደራዎች በስም የሚታወቁና ድምፃቸው በይፋ የሚታይ መሆኑ ለመርማሪ ዓይን ይመቻል።

የቶር መነሻ ሐሳብ ቢቀድምም፣ በመረብነት ግን የፍሪኔት ዕድሜ ከሁለቱም ይበልጣል። ኢያን ክላርክ በ1999 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የነደፈው ሲሆን፣ ከ2023 ጀምሮ ሃይፋኔት ይባላል። ይህኛው መጋዘን ነው። ፋይሉ በ32 ኪሎባይት ተቆራርጦ፣ ተመስጥሮ፣ በተሳታፊዎቹ ዲስክ ላይ ይበተናል። ያስገባው ሰው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ቢሄድም ፋይሉ ይኖራል፤ ሰው የሚጠይቀው ይበዛል፣ ማንም የማይጠይቀው ቀስ በቀስ ቦታውን ይለቃል። ቁራጩን በዲስኩ ያኖረው ተሳታፊም ምን እንዳኖረ አያውቅም።

ጥያቄ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲተላለፍ ስንት እርምጃ እንደቀረው የሚናገር ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ከ18 ይጀምራል፣ በየእጁ አንድ ይቀንሳል። ነገር ግን 18 የሚል ጥያቄ የደረሰው ጎረቤት ጠያቂው ያ የላከለት ሰው መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ በ18 ላይ ሲሆን ቁጥሩ መቀነሱ በዕጣ ይወሰናል፣ እኩል በእኩል። እንግዲህ 18 ያለው ራሱ ጠይቆ ይሆናል፣ ከሌላ ተቀብሎም ይሆናል። ይህም ለሠሪዎቹ አልበቃቸውም። ዕጣው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቢጣል ብዙ ጥያቄ የቆጠረ ሰው አማካዩን ይዞ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንዴ ተጥሎ ይጸናል። በኮዱ ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ የሚይዝ ነገር ነው። ያም ሆኖ ተመራማሪዎች በሌላ አቅጣጫ መጥተው፣ ጥያቄዎችን ቆጥረው ጠያቂውን በግምት የሚለዩበትን ስልት አሳትመዋል። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው መከላከያ በ2008 የመጣው፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር ብቻ የመገናኘት አማራጭ ነው። ኮምፒውተሮቹ በመካከላቸው ቦታ እየተለዋወጡ፣ የወዳጅ ወዳጅን ተከትለው ሩቅ ያለውን ፋይል ያገኛሉ። ለዚህ የሚያስፈልጉት ግን ኮምፒውተራቸውን ቀን ከሌት ከፍተው የሚያኖሩ፣ እምነት የሚጣልባቸው ጥቂት ወዳጆች ናቸው፤ እነሱን ማግኘት ፕሮግራሙን ከመጫን ይልቅ ይከብዳል።