ጉድፍና ነጥብ፤ የብራና ፎቶግራፎችን በጅምላ ስለ ማጥራት የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በደብዛዛ ብርሃን በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየውን ሸካራ ጉድፍ፥ ፎቶግራፍ አንሺዎች «ኖይዝ» የሚሉትን፥ ኮምፒዩተር በአንድ ትእዛዝ ከብዙ መቶ ሥዕሎች ላይ ጠርጎ እንዲያወጣ የማድረግ ሥራ ነው። ለሠርግና ለምረቃ ፎቶግራፍ ይህ ዘዴ ጊዜ ይቈጥባል፤ ጕዳቱም እምብዛም ነው። ነገር ግን የብራና መጻሕፍትን ለመገልበጥ በተነሡ ሥዕሎች ላይ ሳይመረመር ሲሠራበት አይተናል፤ እኛም ራሳችን ሠርተንበታል። ስለዚህ የምናቀርበው ሒስ በመጀመሪያ የሚነካው እኛኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሰባታሚት አካባቢ ባለ አንድ ደብር ውስጥ የቈየ ድጓ አለ። ባለፈው በጋ አራት ሆነን አስተዳዳሪውንና የድጓውን መምህር አስፈቅደን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ፎቶግራፍ አነሣን። የካሜራ ብልጭታ ለቀለሙ አይበጅም ተብሎ ስለ ተከለከለ፥ የነበረን ብርሃን በዕቃ ቤቱ በር የሚገባው ብቻ ነበረ። ስለዚህ የካሜራውን የብርሃን ትብነት፥ አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለውን፥ እስከ 6400 ከፍ አደረግነው። ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ገጾች በአንድ ጊዜ እያነሣን 312ቱን ገጽ በ156 ሥዕል ጨረስን። ሥዕሎቹ ግን አሸዋ የተነሰነሰባቸው መስለው ወጡ። ወደ ከተማ ተመልሰን በአንዱ ሥዕል ላይ የማጥሪያውን ልክ መረጥንና የቀሩትን 155 በዚያው ልክ እንዲያጠራ ኮምፒዩተሩን አዘን ተኛን። በማግሥቱ ብራናው እንደ ወረቀት ነጥቶ፥ ፊደሉ ጠቍሮ አገኘነው። ደስ አለን። የማስቀመጫ ቦታም ስለ ጠበበን ያልጠሩትን ሥዕሎች ደመሰስናቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የታተመውን ቅጂ ለመምህሩ ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ገጽ ያህል ዜማውን በለሆሳስ ወጡት፤ በሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«ልጆቼ፥ ይዘቱን የት አደረሳችሁት?» አሉን።

«የኔታ፥ መኪናው ጠርጎት ይሆናል» ብለን መለስን።

«መኪናውን ያዘዘው ማነው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም።

የዜማ ትምህርት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያሻል። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት መሆኑ የሚነገረው ድጓ የሚጻፈው በሁለት ዐይነት ጽሕፈት ነው። ታላቁ ጽሕፈት ቃሉ ነው፤ ከቃሉ በላይ በመስመሮቹ መካከል በደቃቅ ፊደልና በልዩ ልዩ ቅርጽ የሚጻፈው ደግሞ የዜማው ምልክት ነው። በሊቃውንቱ ትውፊት ምልክቱን የሠሩት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በ16ኛው መቶ ዓመት፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ከምልክቶቹ ድፋት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ጭረትና ደረት የመስመር ቅርጽ ሲኖራቸው፥ ይዘት ግን አንዲት ነጥብ ነው፤ ርክርክም የተደረደሩ ነጥቦች ናቸው። ይህች ነጥብ ስትጠፋ ቃሉ ሳይነካ ዜማው ይሳሳታል። ከአራታችን ሦስታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ስለ ሆንን ፊደል ከታተመ መጽሐፍ ቈጠርን እንጂ ከዜማ ቤት አልዋልንም። ነጥቦቹን ባየናቸው ጊዜ እንኳ የብራና ቈሻሻ መስለውን ነበር። መኪናው ያሰበው እኛ ያሰብነውን ነው።

አሁን ወደ ዘዴው እንግባ። ጉድፉ የሚመጣው ከብርሃን ማነስ ነው። ብርሃን ወደ ካሜራው የሚደርሰው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ሲሆን፥ አመጣጣቸው ወጥ አይደለም፤ የመለዋወጡም ልክ የቍጥራቸው ስኩዌር ሩት ያህል ነው። አንዱ ፒክስል 10,000 ፎቶን ቢቀበል ልዩነቱ ወደ 100፥ ማለት ከመቶ 1 ነው። 100 ፎቶን ብቻ ቢቀበል ግን ልዩነቱ ወደ 10 ይሆናል፤ ይህም ከመቶ 10 ነው። አይ.ኤስ.ኦ.ውን ከፍ ማድረግ ብርሃን አይጨምርም፤ የተገኘውን ጥቂት ብርሃን ከነጉድፉ ያጐላዋል እንጂ።

ጉድፉን ለማስወገድ ከተፈለሰፉት መንገዶች ቀላሉ የመካከለኛ ዋጋ ማጣሪያ ነው። መኪናው ለእያንዳንዱ ፒክስል በዙሪያው ያሉትን፥ ለምሳሌ 5 በ5፥ በጠቅላላው 25 ፒክስሎች ይወስዳል፤ ከጨለማው ወደ ብሩሁ ያሰልፋቸውና 13ኛውን ይመርጣል። እንግዲህ በእኛ ሥዕል ላይ አንዲት ይዘት የያዘችው ወደ 3 በ3፥ ማለት 9 ፒክስል ነበረ። ከ25ቱ 9ኙ ጥቍር፥ 16ቱ ብራና ከሆኑ 13ኛው ምን ጊዜም ብራና ነው። ስለዚህ ነጥቢቱ ደብዝዛ አትቀርም፤ ፈጽማ ትጠፋለች። በአንጻሩ ረጅምና ወፍራም የሆነው የፊደል እግር ይተርፋል። እኛም የተታለልነው ፊደሉ ደኅና መሆኑን አይተን ነው።

ከዚህ የረቀቁ መንገዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቡዋዴስ፥ ኮልና ሞሬል ያቀረቡት ዘዴ ጎረቤት ፒክስሎችን ብቻ ሳይሆን በሥዕሉ ውስጥ የሚመሳሰሉትን ቍራጮች ሁሉ ፈልጎ ያማክላል። ከዚያም ወዲህ በብዙ ሺህ ሥዕል የሠለጠኑ የኮምፒዩተር መረቦች መጥተዋል። እነዚህ ከፊተኛው እጅግ የተሻሉ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን የመጀመሪያው ለብርቅ ነገር ጓደኛ አያገኝለትም፤ ሁለተኛውም ያልተማረውን ቅርጽ ወደ ተማረው ሊያስጠጋው ይችላል። በሰውና በመልክዐ ምድር ሥዕል የሠለጠነ መረብ ርክርክን በምን ያውቀዋል?

የሚመስለውን በሚመስለው የመተካት አደጋ ባሕር ማዶም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ሊቅ፥ አንዳንድ የዜሮክስ መገልበጫ መኪናዎች በሰነድ ላይ ያለውን 6 ቍጥር ወደ 8 ሲለውጡ አገኘ። ምክንያቱ ጉድፍ ማጥራት ሳይሆን ሥዕሉን ለማሳነስ የተደረገ ሥራ ነበረ፤ መኪናው ሁለት ቍራጮችን አንድ ናቸው ብሎ ስለ ፈረደ አንዱን በሌላው ተካው። ገጹ ንጹሕና ጥርት ያለ ስለ ነበረ የሚጠራጠር አልነበረም። ሸካራ ሥዕል አንባቢውን ያስጠነቅቃል፤ የጠራ ስሕተት ግን ያሳምናል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን በመመዘኛው ላይ ነው። የማጥሪያዎች ጥራት ብዙ ጊዜ የሚለካው የጠራውን ሥዕል ከትክክለኛው ጋር ፒክስል በፒክስል አስተያይቶ የልዩነቱን አማካይ በማውጣት ነው። የእኛ አንድ ሥዕል 20 ሚሊዮን ፒክስል አለው። በሁለቱ ገጾች ላይ 400 ነጥቦች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው 9 ፒክስል ቢይዙ፥ በጠቅላላው 3,600 ፒክስል፥ ማለት ከመቶ 0.018 ናቸው። ሁሉም ቢጠፉ እንኳ አማካዩ እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ አንድ ማጥሪያ ከፍተኛ ማርክ አግኝቶ የድጓን ዜማ ሊያጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው በጅምላነቱ ላይ ነው። በጧት በበሩ አጠገብ የተነሣው ገጽና ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጋርድ የተነሣው ገጽ አንድ ዐይነት ጉድፍ የላቸውም። እኛ ልኩን የመረጥነው ከሁሉ በከፋው ሥዕል ላይ ነበረ፤ ከዚያ ጥቂት ብቻ የሚያሻቸውን ሥዕሎች ሁሉ በከባዱ ልክ አሸናቸው። የቀለም ጉድፍ ማጥፊያውም እንዲሁ በጥቍር መስመሮች መካከል ያሉትን ቀጫጭን ቀይ ጽሕፈቶች አግራጫ አደረጋቸው።

እዚህ ላይ የቀደሙትን ሰዎች ሥራ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት ወደ ጣና ደሴቶች መጥቶ የገዳማቱን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ፤ የክብራን ገብርኤል መጻሕፍት ዝርዝርም በ1973 ታተመ። በዚያው በ1973 የተጀመረውና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዝርዝር አዘጋጅነት የደከሙበት የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን አተረፈ። ፊልሙ ጥቍርና ነጭ በመሆኑ ቀዩን ቀለም ለመለየት ያስቸግራል፤ የፊልሙ ሸካራነትም ይታያል። ነገር ግን ፊልሙ ያየውን እንዳየ አስቀምጦታል። ነጥብና ጉድፍን የመለየቱ ሥልጣን ለአንባቢው ቀርቷል። እኛ በተሻለ ካሜራ የባሰ ሥራ የሠራነው ይህን ሥልጣን ሳናውቅ ለመኪናው ስለ ሰጠነው ነው።

«እንግዲያስ ሁሉ በእጅ ይሠራ ትላላችሁን?» የሚለን ይኖራል። አንልም። ለአንድ ሥዕል 10 ደቂቃ ቢሰጥ ለ156ቱ 26 ሰዓት ያስፈልጋል፤ የደከመ ዐይንም ይሳሳታል። መኪናው ድርሻ አለው፤ ድርሻው ግን በልክ ይሁን እንላለን። ይኸውም፦

1ኛ፤ ያልጠራው ሥዕል ምን ጊዜም አይደመሰስ። የጠራው ቅጂ ነው፤ መዝገቡ ያልጠራው ነው።

2ኛ፤ ሥዕሎቹ በአይ.ኤስ.ኦ.ና በብርሃናቸው ይከፋፈሉ፤ ለየክፍሉም ለብቻው ልክ ይውጣለት። ካሜራው አይ.ኤስ.ኦ.ውን ከሥዕሉ ጋር ስለሚመዘግብ ይህን መከፋፈል መኪናው ራሱ ሊሠራው ይችላል።

3ኛ፤ የጠራው ካልጠራው ላይ ተቀንሶ ልዩነቱ ይታይ። ይህ ከላይ የጠቀስናቸው ሦስት ሊቃውንት ራሳቸው ያቀረቡት ፈተና ነው። ልዩነቱ እንደ ተበተነ አሸዋ ከሆነ የወጣው ጉድፍ ነው፤ የፊደል ወይም የነጥብ መልክ ከታየበት ግን ጽሕፈት ወጥቷል።

4ኛ፤ ካሜራው በሦስት እግር ላይ ቆሞ አንዱ ገጽ አራት ጊዜ ይነሣ፤ አራቱም ይማከሉ። ጉድፉ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ነጥቧ ግን በአራቱም ላይ በስፍራዋ ስለምትገኝ ትጸናለች።

5ኛ፤ ጅምላው ከመታዘዙ በፊት ጥቂት ገጾች ለሚያነባቸው ሰው ይታዩ። ለድጓ የድጓ መምህር፥ ለመልክዐ ምድር ካርታ መሬቱን የሚያውቅ ሰው ማለታችን ነው።

በመጨረሻ የሆነውን እንናገር። መምህሩ ፈቅደውልን ድጓውን ሁለተኛ ጊዜ ገለጥነው፤ እያንዳንዱንም ግላጭ አራት አራት ጊዜ፥ በጠቅላላው 624 ሥዕል አነሣን። ነጥቦቹ አሁን ይታያሉ፤ ብራናውም ጥቂት ሸካራ እንደ ሆነ ቀርቷል። ነገር ግን የቈየ ጥራዝ በተገለጠ ቍጥር ይደክማል፤ በሁለተኛው ጊዜ ከጥራዙ ክሮች አንዱ ተበጠሰ። ያን ክር ያስበጠሰው የእኛ ችኰላ ነው። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኛ ግን ሁሉም አልተለቀመም።

በዚህ ዘዴ ሌላ መጽሐፍ ያነሡ ጓደኞቻችንና መምህራን ቢኖሩ፥ በተለይም የሦስተኛውን ሐሳብ ፈተና ሞክረው ውጤቱን በዚሁ መጽሔት እንዲገልጹልን በትሕትና እንለምናለን።