ፈትቶ መግጠም
ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ፣ በረጅም የሽቦ እጀታ እየመራ በሠፈሩ አቧራ ላይ የነዳ ልጅ የመኪናው ጎማ ለምን እንደሚንገዳገድ አሳምሮ ያውቃል። ቆርኪውን መሐል ለመሐል ያልበሳው ራሱ ነውና ጥፋቱን ሌላ ሰው ላይ አይፈልግም። በሬዲዮ የሚመሩ የሞዴል መኪኖችን ለመመዘን ይህ ልጅ ጥሩ መለኪያ ይሰጣል፤ መኪናው ምን ያህል ይፈጥናል ከማለት በፊት ባለቤቱ ስለ መኪናው ምን ያህል ያውቃል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መቀመጫውን በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ ያደረገው የታሚያ ኩባንያ በሬዲዮ የሚመራ የመጀመሪያ መኪናውን፣ ፖርሼ 934ን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ኩባንያውን ለረጅም ዘመን የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2025 በ90 ዓመታቸው ያረፉት ሹንሳኩ ታሚያ ሞዴሉ እውነተኛውን እንዲመስል ሲሉ እውነተኛ ፖርሼ ገዝተው እስከ ማስፈታት ደርሰዋል። ሥራው በመፍታት ተጀመረ፤ ለገዢውም የቀረበው እንደተፈታ ነበር። ሣጥኑን የከፈተ ሰው የሚያገኘው በየከረጢቱ የተከፋፈሉ ብሎኖች፣ ጥርሶችና ሞላዎች እንዲሁም በሥዕል የሚናገር መመሪያ ነው። መኪናው ገና በገዢው እጅ ይወለዳል።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው «ሆርኔት» የዚህ ትምህርት ቤት ጥሩ ምሳሌ ነው። የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህል፣ በ7.2 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የአሸዋና የአፈር መኪና ነው። ንድፉ ግን እንከን የለሽ አይደለም። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክሱ አንድ ላይ ተያይዘው ስለሚንቀሳቀሱ መኪናው ወጣ ገባ መሬት ላይ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ሆኖም ጉድለቱ የተደበቀ አይደለም። ካቻቪቴ ይዞ ካምቢዮውን የገጠመ ልጅ ክብደቱ የት እንዳረፈ በእጁ ዳስሶታል። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ትንንሾቹን ጥርሶች ሲደረድርም፣ መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ እንደሚጓዝና ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ሊዞሩ እንደማይገባ ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

ዛሬ ገበያውን በአብዛኛው የያዘው ተገጣጥሞ የሚሸጠው መኪና ነው። ብሩሽ አልባ ሞተርና የሊቲየም ባትሪ የያዙት አንዳንዶቹ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። ጊዜ ያነሰውን ሰው ወደ መዝናኛው ማስገባታቸው የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ገዢው የሚቀበለው ፍጥነት እንጂ ዕውቀት አይደለም። መኪናው በመጀመሪያው ቀን ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ሲቆም፣ ባለቤቱ ምን እንደተሰበረ ለመናገር እንኳ ስም ያጣል።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ የድሮውን ዘመን ብቻ ማሞገስ ግን ሌላ ስሕተት ነው። ታሚያ «ሆርኔት»ን እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና ለገበያ አውጥቷል። ከገዢዎቹም በልጅነታቸው የተመኙትን መኪና ለማግኘት የገዙት ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ መካከል ሣጥኑን ሳይከፍቱ መደርደሪያ ላይ የሚያኖሩት አሉ። ያልተከፈተው ሣጥንና ተገጣጥሞ የተገዛው መኪና ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ በሁለቱም የባለቤቱ እጅ ግራሶ አልነካም።

የግንባታው እውነተኛ ፈተና የውድድር ሜዳው ነው። የሞተሩ ጥርስ ከትልቁ ጥርስ ጋር ከመጠን በላይ ከተጣበቀ ሞተሩ ይግላል፤ ከላላም ጥርሱ ይላጣል። ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች በሁለቱ መካከል ቀጭን ወረቀት አስገብተው ካጠበቁ በኋላ ወረቀቱን ያወጡታል፤ የሚቀረው ክፍተት ልክ ነው። ይህን የመሰለው ብልሃት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በሜዳው ዳር፣ በመጠገኛው ጠረጴዛ ላይ ነው።

በብዙ ክበቦች ደግሞ አንድ ሊመሰገን የሚገባው ልማድ አለ። ዙሩን የጨረሰ ተወዳዳሪ መቆጣጠሪያውን አስቀምጦ በሜዳው ኩርባ ላይ ይቆማል፤ በሚቀጥለው ዙር የሚገለበጡትን የሌሎችን መኪኖች እየሮጠ ያነሣል። ያሸነፈውም የተሸነፈውም እኩል ይቆማል። ተገጣጥሞ የተገዛውም ሆነ በወር ልፋት የተገነባው መኪና ሲገለበጥ የሚያነሣው የሰው እጅ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ መኪናው እንዴት ተገዛ በሚለው ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም። መሰበር አይቀርም፤ ቁም ነገሩ ከተሰበረ በኋላ ያለው ነው። መለዋወጫው በየቁራጩ የሚገኝለት፣ ብሎኑ የሚፈታ መኪና ተገጣጥሞ ቢመጣም ባለቤቱን ዘግይቶ ያስተምረዋል። ሲሰበር ተጥሎ ሌላ የሚተካለት ግን፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ከቆርኪው መኪና ያነሰ ነው። የቆርኪው መኪና ሲበላሽ ልጁ ቁጭ ብሎ ሽቦውን ያቃናል እንጂ ሌላ አይገዛም።